ባለቤቴ ያልወደደችው ጠመንጃ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ስለ አንድ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ ስላችሁ ክላሽ እንዳይመስላችሁ። ኢላማ መምቻ ነው። ጥይቷ ከነቀለኋ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ብትሆን ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው፤ ዴንቨር ጥግ፣ ኦሮራ። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ሜዳ እሄዳለሁ። ይሄ ነገር ከቤት የመጣ ነው። አባቴ ምንሽር ነበረው። በዓል ሲደርስ ከግድግዳ ያወርደውና እንጨቱን በጨርቅ ይወለውለዋል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ስለዚህ ለእኔ ጠመንጃ ማለት እንጨትና ብረት ነው። ሌላ ነገር በጭንቅላቴ አይመጣም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሩገር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፕሪሲዥን ሪምፋየር» የሚለውን አወጣ። በ22 ካሊበር (ካሊበር የጥይት ውፍረት መለኪያ ነው) የሚተኩስ፣ ዋጋው 529 ዶላር የተባለ። ሳየው ፊቴን ነው ያዞርኩት። እንጨት የሚባል ነገር የለውም። ጥቁር ነው። እጀታው የሽጉጥ ነው የሚመስለው። ሰደፉ ይገፋል፣ ይሳባል። በርሜሉን የከበበው ብረት ዙሪያውን የተበሳሳ ነው። ወረቀት ለመምታት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል አልኩ።

ሜዳው ላይም ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ሁልጊዜ ከጎኔ የሚተኩሱ አንድ አዛውንት አሉ፤ የሳቸው ጠመንጃ ሰደፉ ዋልነት የሚባል እንጨት ነው፣ እንደ ቡና ጠቁሮ ያበራል። እሳቸው በእጃቸውም ሊነኩት አልፈለጉም። ወጣቶቹ ደግሞ ወደዱት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ኩባንያው በ2015 ያወጣው ትልቁ ጠመንጃ አለ፤ ይሄኛው የሱ ታናሽ ወንድም ነው፣ ቅርጹም አያያዙም ያው ነው። የትልቁ አንድ ጥይት ከአንድ ዶላር በላይ ያስወጣል፤ የዚህ ግን ጥቂት ሳንቲም ነው። በትንሹ ተለማምደህ በትልቁ ትተኩሳለህ ማለት ነው። ውድድር የሚገቡት ግን አፍንጫቸውን ነፉ። ቀሏል አሉ፤ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው፣ ለውድድር ከበድ ሲል ነው የሚረጋው። አካሉ ፕላስቲክ ነው፣ በዚህ ገንዘብ ሲዜድ የሚባለውን የቼኮቹን ጠመንጃ መግዛት ይሻላል ያሉም ነበሩ። እውነት ለመናገር ክብደቱ ላይ ያሉት ልክ ነው። የእኔንም በኋላ ከፊት ለፊቱ ብረት አስሬበታለሁ።

በጣም የተከራከሩት ግን በማቀባበያው ነው። የ22 ጥይት አጭር ስለሆነች እጅህን አራት ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ብትስብ ይበቃል። እነሱ ግን እንደ ፍላጎትህ ወደ ሰባት ተኩል ገደማ እንድታረዝመው አድርገው ሠሩት። ለምን? እጅህ የትልቁን ጠመንጃ ርዝመት እንዲለምድ። አዛውንቱ ይሄን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ለመልክ ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስብም።

ከዚያ አንድ በአንድ አየሁት። እጀታው ቀጥ ብሎ የቆመው የእጅ አንጓ እንዳይጣመም ነው፤ ጣትህ ቃታውን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ አድርጋ ትስባለች። የስኮፑ፣ ማለትም አጉልቶ የሚያሳየው የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ማሰሪያ ወደ ፊት ያዘቀዘቀ ነው፤ እሱም ምክንያት አለው። ይቺ ጥይት ቶሎ ነው የምትወርደው። በ50 ሜትር አስተካክለህ በ100 ብትተኩስ አንድ ስንዝር ገደማ ዝቅ ትላለች። በ200 ከአንድ ሜትር በላይ። ማሰሪያው ካላዘቀዘቀ የስኮፑ ማስተካከያ ቶሎ ያልቅብሃል። ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል፤ እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በሕግ የተቀመጠው ጣሪያም 15 ነው።

ገዛሁት። ቤት ይዤው ስገባ ባለቤቴ ሳሎን ነበረች። ሳጥኑን ስከፍት ተነስታ ቆመች። «ይሄን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ» አለች። አልተቆጣችም። ድምጿ ነው የጠፋው። እሷ ያደገችበት ቦታ እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ኢላማ መምቻ ነው፣ ጥይቱ እንዲህ ትንሽ ናት እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰው ሲደነግጥ ስለ ካሊበር አይወራለትም። በማግስቱ የብረት ሳጥን ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ ቆለፍኩበት። የአባቴን ምንሽር ፎቶ ሳሎን ስሰቅል ምንም አላለችም ነበር። እሱም እኮ ሰው የገደለ የጦር መሣሪያ ነው። እንጨት ስላለው ብቻ ነው እኔም እሷም ያልፈራነው። ይሄን ነገር እስከ ዛሬ አሰላስለዋለሁ።

ከወራት በኋላ ራሷ «እስኪ ልይህ» ብላ ሜዳው መጣች። መጀመሪያ በአዛውንቱ ጠመንጃ ሞከረች፤ እሳቸው ናቸው የጋበዟት። ባለቤቴ አጭር ናት። ሰደፉ ረዘመባት፣ አንገቷን እንደ ሰጎን አስግጋም ስኮፑ ውስጥ የሚታያት ጥቁር ጥላ ሆነ። ተወችው። ከዚያ ያንን ጥቁሩን አየችው። ምንም አላልኩም። ቆይታ «አምጣው» አለች።

ሰደፉን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጉንጭ የሚያርፍበትን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ሆዷ ላይ ተኛች፣ ጉንጯን አስደገፈች፣ ዝም አለች። «ታየኝ» አለች። ቃታውን ወደ ቀላሉ፣ ወደ አንድ ኪሎ አካባቢ አውርጄው ነበር። ትንፋሿን ስትለቅ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ጧ። አምስት ተኩሳ ወረቀቱን ስናመጣ አራቱ አንድ ኩዋርተር፣ የአሜሪካ 25 ሳንቲም፣ ስር ይገባሉ። አምስተኛዋ ትንሽ ወጥታለች። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውርደው ወረቀቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሰደፉን እየገፉ እየሳቡ ብዙ ቆዩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ርካሽ ጥይት በጅምላ ገዝቼ ነበር። ከ50ው ሦስቱ አልፈነዱም። እንዲህ ሲሆን አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው የምታወጡት። አውጥቼ ሳየው የጠመንጃው መምቻ መርፌ የጥይቱን ጠርዝ በደንብ ጎድጉዳዋለች። የዚህ ጥይት ማቀጣጠያ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ የተመታው ቦታ ላይ ማቀጣጠያው ካልደረሰ አይነሳም። ጠመንጃው ጥፋት የለበትም። ከድምፅ ፍጥነት ዝቅ ብሎ የሚሄደውን፣ በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ የሆነውን የኢላማ ጥይት ፈልጉ። ሦስት አራት ዓይነት ሞክሩና የእናንተ ጠመንጃ የወደደውን ያዙ። ስለ መልኩ ከመከራከር ይሄ ይጠቅማችኋል።

ባለቤቴ አሁን በወር አንዴ አብራኝ ትሄዳለች። ሜዳው ላይ ራሷ ታቀባብላለች፣ ራሷ ጉንጩን ታስተካክላለች። ቤት ስንደርስ ግን መኪናው ውስጥ ትጠብቀኛለች። ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ቆልፌ ቁልፉን እስካሳያት ድረስ አትወርድም። እኔም «ነይ ግቢ» ብያት አላውቅም።