ከግቢያችሁና ከዛፋችሁ ጀምሩ፦ ለቤት የአማተር ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ አንቴና ስለ መምረጥ

ክቡራትና ክቡራን፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በቅርቡ የአማተር ራዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለግል የሚደረግ የራዲዮ ግንኙነት) ፈተናውን አልፋችሁ ጣቢያችሁ የሚታወቅበትን የጥሪ ምልክት የተቀበላችሁ ወገኖቼ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ፈቃድ ካገኘ ሰው ሁሉ ከምሰማቸው ጥያቄዎች የሚቀድመው «የትኛውን አንቴና ልግዛ?» የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የምለምናችሁ ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ጓሯችሁ እንድትወጡ ነው። ሽቦው ከየት እስከ የት፣ በምን ያህል ከፍታ ሊዘረጋ እንደሚችል ለኩ፤ በዚያ ሽቦ ከማን ጋር ለመነጋገር እንደምትፈልጉም ቁርጡን እወቁ። ሁለቱ ከታወቁ የአንቴናው ዓይነት ብዙ አያከራክርም።

ብዙዎቻችንን ወደ ራዲዮ የሳበን ከአገር ቤት የሚመጣ ድምፅ በገዛ ሽቧችን የመስማት ጉጉት እንደሆነ አውቃለሁ። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የክበብ ጣቢያ በሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ከመላው ዓለም ይጠራል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በግድግዳ ካርታ ላይ ስናየው ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ይመስላል፤ የምድርን ክብነት ተከትሎ የሚሄደው አጭሩ መንገድ ግን ከዚህ ሲነሳ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ያህል ዞሮ ነው። ዳይፖል የሚባለው፣ ከመካከሉ ወደ ሁለት ክንድ የሚዘረጋው የሽቦ አንቴና ኃይሉን በብዛት የሚልከው ወደ ሁለት ጎኖቹ ሲሆን በጫፎቹ አቅጣጫ የሚልከው አነስተኛ ስለሆነ፣ አዲስ አበባን የሚያስብ ሰው ሽቦውን የሚዘረጋው ከሰሜን ምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ካዘነበለ አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው ነው። ይህን በስልካችሁ ኮምፓስ ብቻ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ዛፎቻችሁ በዚያ መስመር ላይ ካልቆሙ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ዳይፖል አቅጣጫ እምብዛም አይመርጥም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ዳይፖሉ ልምጣ። ዳይፖል ማለት መካከሉ ላይ ተቆርጦ ወደ ራዲዮው ከሚወስደው ኮአክስ ገመድ ጋር የተገናኘ፣ ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ ያህል የሆነ ሽቦ ነው። የክራር ጅማት ባጠረ ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ ሽቦውም ባጠረ ቁጥር የሚስማማው ድግግሞሽ ከፍ ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 143ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ሙሉውን ርዝመት በሜትር ይሰጣል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር፣ ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር፣ ለ28.4 ሜጋኸርዝ ደግሞ 5 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉልኝ።

እዚህ ካላችሁት መካከል ቴክኒሺያን የተባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ የያዛችሁ ብዙዎች ናችሁ። የቴክኒሺያን ፈቃድ ከአጫጭር ሞገዶች መካከል በድምፅ ለመነጋገር የሚፈቅደው ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ እጥረት ያዩታል፤ እኔ ግን ለአንድ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አለ ብዬ አላምንም። የሚያስፈልገው ሽቦ 5 ሜትር ብቻ ነው፤ በታውንሃውስ ጓሮም ሆነ በጣሪያ ሥር ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ከፍታው የሞገዱን ሙሉ ርዝመት ያህል ስለሚሆን፣ ኃይሉ ከአድማስ በ15 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሩቅ አገር የሚደርሰውም እንዲህ ዝቅ ብሎ የወጣ ሞገድ ነው። በዚያው ከፍታ ላይ የተሰቀለ የ14 ሜጋኸርዝ ዳይፖል 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ይልካል፤ የ7 ሜጋኸርዙ ደግሞ አብዛኛውን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይተፋዋል። የ28 ሜጋኸርዝ መንገድ የሚከፈተው ፀሐይ በሁለቱም ጫፍ ላይ ስትኖር ነው፤ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ የጋራ ብርሃን አለን። የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት፣ በተለይ በበልግ፣ በክረምትና በጸደይ፣ በ100 ዋት ራዲዮና በአንድ ተራ ሽቦ አፍሪካን መስማትም መሰማትም የሚቻል ነገር ነው።

ስለ 7 ሜጋኸርዙ ሽቦ ወደ ሰማይ መተፋት የተናገርኩት ነቀፋ አይደለም። ቀጥ ብሎ የወጣው ሞገድ ከአዮኖስፌር (ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ያለውን ሁሉ ስለሚያዳርስ፣ ከኒው ዮርክና ከኦሃዮ ወዳጆቻችሁ ጋር ቀን ቀን ለመነጋገር የምትፈልጉ ከሆነ ዝቅ ያለው ሽቦ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ሁለት ዛፍ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንድ ዛፍ ወይም አንድ ምሰሶ ካለው የዳይፖሉን መካከል ወደ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ክንዶች እንደ ቤት ክዳን ወደ ታች ያዘነብላቸዋል። በክንዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ጫፎቹም ሰው እጁን ዘርግቶ ከማይደርስበት ከፍታ በታች እንዳይወርዱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በሚላክበት ጊዜ ትልቁ ቮልቴጅ የሚገኘው ጫፎቹ ላይ ነውና። ይህ አሰቃቀል የኮአክሱን ክብደት ምሰሶው እንዲሸከመው ስለሚያደርግ ለክረምቱ በረዶም ይጠቅማል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሸጠው ግን ከጫፉ የሚመገበው የግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው። 20 ሜትር ሽቦ፣ በጫፉ ላይ ደግሞ የ49 ለ1 ትራንስፎርመር፤ በጫፉ ያለውን 2,500 ኦም ገደማ የሚሆን ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) ወደ 50 ኦም ያወርድና በ7፣ በ14፣ በ21 እና በ28 ሜጋኸርዝ ላይ ያሠራል። ምቾቱን አልክድም፤ ከመስኮት ወጥቶ ከጓሮው ጫፍ ዛፍ ላይ መታሰር የሚችል ሌላ አንቴና ብዙ የለም። ሆኖም ልብ ልትሉት የሚገባ ጠባይ አለው። ዳይፖል ሁለት እኩል ክንዶች ስላሉት አንዱ ለሌላው መመለሻ ይሆነዋል፤ ከጫፉ የሚመገበው ሽቦ ግን ሁለተኛ ክንድ ስለሌለው ኮአክሱን ራሱን እንደ ክንድ ይጠቀምበታል። በዚያ ኮአክስ ላይ ደግሞ የቤታችሁ ጫጫታ ሁሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የኤል ኢ ዲ አምፖሉ፣ የኢንተርኔት ሳጥኑ፣ የጎረቤት የሶላር ኢንቨርተር ሳይቀር ወደ ራዲዮው ይገባል። ይህን ዓይነት አንቴና የምትመርጡ ከሆነ ትራንስፎርመሩን ከቤቱ አርቁት፤ ከእሱ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ያህል ኮአክስ ትታችሁም ቀጭኑን ኮአክስ ጫጫታውን እንዲያፍን ቁጥር 31 ተብሎ በሚታወቀው የፌራይት (መግነጢሳዊ ቁስ) ቀለበት ላይ 10 ወይም 12 ጊዜ ጠምጥሙት። ምርጫው የእኔ ቢሆን ግን ለመጀመሪያ አንቴና መካከሉ ላይ የሚመገበውን ዳይፖል አስቀድማለሁ፤ የማትሰሙትን ሰው ልታነጋግሩት አትችሉምና።

ከነዚህ ሌላ የቆዩ መፍትሔዎች አሉ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ቫርኒ እ.ኤ.አ. በ1946 የነደፈውና በጥሪ ምልክቱ ጂ5አርቪ ተብሎ የሚጠራው 31 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ስሙ ገናና ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ የታሰበ እንጂ ያለ ቱነር (አንቴናውን ከራዲዮው ጋር የሚያስማማ መሣሪያ) በሁሉም ባንድ የሚሠራ እንዳልሆነ ግን ሻጮቹ ዘወትር አይነግሯችሁም። ቦታ ላለው ሰው ደስ የሚለኝ በኮአክስ ፋንታ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች የሚመገበው ዳይፖል ነው፤ ቱነርና ትዕግሥት ይጠይቃል።

አንቴና በኤስ ደብልዩ አር ቁጥር፣ ማለትም ከራዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ በሚያሳየው ቁጥር (ፍጹሙ 1 ለ1 ነው) ብቻ አይፈረድበትም። ለሙከራ የምንጠቀምበት 50 ኦም ሬዚስተር ቁጥሩ 1 ለ1 ነው፤ ወደ አየር የሚልከው ግን ከምንም አይቆጠርም። ቁጥሩ 1.8 ሆኖ 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ ዳይፖል፣ ቁጥሩ 1.1 ሆኖ በአጥር ላይ ከተጋደመው እጅግ ይበልጣል።

ሽቦው ሲቆረጥ እንዲህ ይደረጋል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 5 ሜትር ከ20 አድርጋችሁ ቁረጡት። ሰቅላችሁ አንቴናው የሚስማማበትን ድግግሞሽ በሚያሳየው አናላይዘር ስትለኩት 13.9 ላይ ቢስማማ፣ 13.9ን ለ14.2 ስታካፍሉ 0.979 ስለሚመጣ፣ ክንዱ 5 ሜትር ከ9 መሆን አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ከየጫፉ 11 ሳንቲ ሜትር ትቀንሳላችሁ። ስትቀንሱም አትቁረጡ፤ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በራሱ በሽቦው ላይ አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፤ ነገ ወደ ሌላ ዛፍ ስታዛውሩት መልሳችሁ ትዘረጉታላችሁ። ልባስ ያለው ሽቦ ከራቁቱ መዳብ ጥቂት እንደሚያጥርም አትርሱ።

ብዙዎቻችን የምንኖረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት መንደር ነው። የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ውሳኔ ክልሎችና ከተሞች ለአማተሮች ተገቢውን ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ማኅበራትን ግን አይመለከትም። በ1996 የወጣው ደንብም የሳተላይት ሳህንና የቴሌቪዥን አንቴናን እንጂ የእኛን አይጠብቅም። ስለዚህ የፈረማችሁትን ውል አንብቡ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ። ካልተፈቀደላችሁ ያቺ 5 ሜትር ሽቦ በጣሪያ ሥር ትገባለች፤ ጣሪያው ከብረት ካልሆነ ታገለግላችኋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ሕይወትን የሚመለከት ነው። ሽቦው ቢበጠስም ሆነ ዛፉ ቢወድቅ የኤሌክትሪክ መስመር ሊነካ በሚችልበት ቦታ ላይ በፍጹም አትስቀሉ፤ ክር ወደ ዛፍ ስትወረውሩም እንዲሁ። ኮአክሱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ይኑረው፤ የምትተክሉት የመሬት ዘንግም ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር በወፍራም መዳብ መገናኘት አለበት፤ ከእሱ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው የቆመ ዘንግ ጨርሶ ዘንግ ካለመኖሩ የባሰ ነው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ የትኛውም አማተር ጣቢያው በሰው ላይ የሚያደርሰውን የሞገድ መጋለጥ እንዲገመግም ይጠበቅበታል፤ በተለይ አንቴናው ልጆች ከሚተኙበት ክፍል በላይ ጣሪያ ሥር ከሆነ ሒሳቡን ሳትሠሩ አትላኩ።

በጠረጴዛው ላይ ሽቦ፣ ኢንሱሌተርና አናላይዘር አለ። ጥያቄያችሁን እየመለስኩ ለ28.4 ሜጋኸርዝ አንዱን አብረን እንሠራለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።