ማዕዱ ቀርቦ ዳር ለምን ቆምን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

«ከክርስቶስ ጋር አንድ መሆን» የሚል ርእስ ነው የተሰጠኝ። አባቶች ተቀምጠው እኔ በዚህ ላይ መናገሬ ያስፈራል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ በቀጥታ ልግባ።

ቅዳሴ ላይ ሁላችንም የምንለው ጸሎት አለ። «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ፤ ወፈውሰነ በዝንቱ ጵርስፎራ፤ ከመ ብከ ንሕየው።» በመንፈስ ቅዱስህ አንድ መሆንን ስጠን፣ በዚህ ቁርባን ፈውሰን፣ በአንተ ሕያዋን ሆነን እንድንኖር። ዜማው ደስ ስለሚል ከፍ አድርገን እንለዋለን። ትንሽ ቆይቶ ቄሱ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን ይዘው ይወጣሉ። ማን ይቀርባል? መጀመሪያ እናቶቻቸው የታቀፏቸው ሕፃናት። ቀጥሎ መቋሚያና በትር የተደገፉ አረጋውያን። ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል፣ በመስቀል ማንኪያው፣ ያቀብላቸዋል፤ እነሱም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ጸበሉ ያልፋሉ። እኛስ? መሀል ያለነው፣ «ስጠን» እያልን የጮኽነው፣ ግድግዳ ተደግፈን እናያለን። ለምኖ ለምኖ ሲሰጡት ዘወር ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ብዙዎቻችን ከጌታ ጋር አንድ መሆንን እንደ ስሜት ነው የምናስበው። መዝሙር ሲዘመር እንባ ከመጣ ቀርበናል፣ ካልመጣ ርቀናል እንላለን። እንባ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ጌታ ግን የነገረን ሌላ ነው። «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ነው ያለው። ስሜታችሁን ተከተሉ አላለም። ብሉ፣ ጠጡ፣ ኑሩ አለ። አንዳንድ ቀን ደረቅ ልብ ይዘን እንቀርባለን። ያን ቀንም ቢሆን የሚሰጠን ያው እርሱ ነው።

ደግሞ ነገሩን ዛሬ አንጀምረውም። ወንዶቹ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀናችን ስንጠመቅ ከሞቱና ከትንሣኤው ጋር ተባብረናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ይህንኑ ነው። የዚያኑ ዕለት ቆርበናል። አንገታችን ላይ ያለው ማዕተብ የዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ ቁረቡ ሲባል እንግዳ ቤት ግቡ መባላችን አይደለም። የቤቱ ልጆች ነን።

የጎንደር ልጆች ስለሆንን ይህን ልጨምር። ይህች ከተማ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በፋሲለደስ ስትቆረቆር፣ አባቱ ንጉሥ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበል የመጣው የሃይማኖት ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ በነገሥታት ፊት ጉባኤ እየቆሙ መለኮትና ሥጋ በክርስቶስ እንዴት አንድ እንደሆኑ ተከራከሩ፤ ተዋሕዶና ቅብዓት፣ በኋላም ጸጋ የተባሉት ትምህርቶች የተለያዩት በዚህ ነው። ክርክሩ እስከተዘጋበት እስከ 1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ስንት ትውልድ አለፈ! ደም የፈሰሰበትም ጊዜ አለ። ስለ አንድነት እየተነጋገሩ መለያየት ያሳዝናል፤ አልሸፋፍነውም። ጥያቄው ግን የሥራ ፈት ጥያቄ አልነበረም። ቃል ከሥጋ ጋር በእውነት አንድ ካልሆነ እኛ ከጽዋው የምንቀበለው ምንድን ነው? አባቶች ብረትና እሳትን ይጠቅሳሉ። ከእሳት የገባ ብረት ብረትነቱን አይለቅም፤ ግን ያበራል፣ ያቃጥላል። የጌታ ሥጋ ሕይወት የሚሰጠው ከመለኮት ጋር ስለተዋሐደ ነው። እኛ በባሕርያችን አምላክ አንሆንም፤ ይህ እንዳይምታታ። ቅዱስ ጴጥሮስ «ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች» እንድንሆን ተስፋ እንደተሰጠን ሲጽፍ በጸጋ ነው፣ በስጦታ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንገባ አንገታችን እስኪያመን ጣሪያውን እናያለን። እነዚያ ዓይናቸው የጎላ የመላእክት ፊቶች እኛንም ያዩናል። አያስቀኑም? እኔ ግን መቅናት ያለባቸው እነሱ ናቸው እላለሁ። «የአብርሃምን ዘር ይዞአል እንጂ የያዘው የመላእክትን አይደለም» ይላል ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት። ሥጋዬን ብሉ የተባለ መልአክ የለም። ይህ የተባለው ለእኔና ለእናንተ ነው፤ ለፈተና ለምታጠኑት፣ ባጃጅ ለምትነዱት፣ ሱቅ ለምትውሉት።

ታዲያ ለምን አንቆርብም? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ገና ልጅ ነኝ።» «ሳገባ።» «ትንሽ ልረጋጋ።» ከሁሉ የሚበዛው ግን «ቆርቤ ብሳሳትስ?» የሚለው ነው። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ካህኑ ራሱ ንጹሕ ያልሆነ አይቅረብ፣ በመለኮት እሳት እንዳይቃጠል እያለ ያስጠነቅቃል። ቢሆንም ቅዱስ ጳውሎስን እስከ መጨረሻው እናንብበው። «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ።» ፈትኖ ይቅር አላለም። ፈትኖ ይብላ ነው ያለው። እኛ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘን ሃያ ዓመት እንቆማለን። ቆርቦ የወደቀ በንስሐ ይነሣል፤ ንስሐ የተሰጠው ለዚሁ ነው። ያለ መድኃኒት ጤና እስኪመጣ የሚጠብቅ በሽተኛ ግን ምን ይባላል?

ጥምቀት ሲሆን ደግሞ እዩን። ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀቱ እንደተባረከ ዘለን ለመግባት ማን ይቀድመናል? የጥር ውኃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የገባ ያውቀዋል። ያንን ብርድ ያልፈራ ወጣት ጽዋውን ሲፈራ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ይህን ሳልል ብወርድ ውሸታም እሆናለሁ። ከክርስቶስ ጋር አንድ ሆኖ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መኳረፍ አይሆንም። «አንድ እንጀራ ስለሆነ፥ እኛ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ ነን» ተብሏል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ምን እናደርጋለን? ግራ ቀኝ ራስ መነቅነቅ ብቻ። አንዳንዴ የማናየውን ሰው ነው እጅ የምንነሣው። የተጣላነው ሰው ሁለት ረድፍ ወደፊት ቆሞ እያለ! ዘመኑ ደግሞ ለመኳረፍ የሚመች ነው፤ ሰፈር ለሰፈር፣ ወንድም ከወንድም። መቁረብ የፈለገ ከዚያ ሰውዬ ይጀምር። ስልክ መደወል ነው። «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ከመቁረብ በፊት ከሚጾመው ከ18 ሰዓቱ ጾም ይልቅ ይከብዳል።

ወደ ሥራው ልምጣና ልጨርስ። የንስሐ አባት ያላችሁ ጾሙ ሳይገባ ሂዱ፣ ዝርዝሩን ከእሳቸው ጋር ጨርሱ። ቀኖና ቢሰጧችሁ አትደንግጡ፤ ስግደትና ጸሎት ማንንም አልገደለም። የሌላችሁ ደግሞ ከጉባኤው በኋላ አትበተኑ። ሁለት አባቶች እኛን ብለው እዚሁ ይቆያሉ፤ አፍሬ ነው የምትሉም ብትሆኑ ቅረቡ፣ ከእናንተ የባሰ ሰምተዋል። ትዳር ያላችሁ አብራችሁ ብትመጡ የተሻለ ነው። ጥያቄ ካለ ደግሞ አሁን እቀበላለሁ፤ ያቃተኝን ለአባቶች አስተላልፋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።