ዚፑ የታየበት ጭራቅ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በደኅና መጣችሁ። ከባሕር ዳር በሞጣ በኩል ሌሊት ተነሥታችሁ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቡናው ከኋላ አለ፣ እኔም አላስረዝምም። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ከምሳ በኋላ ያቀርባሉ።

ከታላላቅ ፊልሞች ተኮርጀው በርካሽ የተሠሩ ፊልሞች የገቡበት የዘንድሮው ጉባኤ የፊልም ዝርዝር ሲወጣ ስልኬ አላረፈም። «ስንት ድንቅ ፊልም እያለ የኮፒ ኮፒ ልታሳዩን ነው?» ተባልኩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምርጫውም የእኔ ስለሆነ መልሱም የእኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በአንድ ብር እንገባ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ሥዕል የታላቁ ፊልም ነው፤ ካሴቱ ግን የሌላ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ ጭራቁ ከጠፈር መንኮራኩሩ ጓዳ ብቅ አለ። ጮኽን። ዞር ቢል ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ዚፕ! ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ኧረ ሰውዬው አልቆለፈውም!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብራችንን የመለሰልን የለም፤ ተነሥቶ የወጣም አልነበረም። ጭራቅ በሰው እጅ የሚሰፋ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በፈረንጆች 1975 የስፒልበርግ የሻርክ ፊልም «ጆስ» ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ በዓመቱ ሻርኩ ድብ ሆኖ «ግሪዝሊ» ወጣ። በ1978 ደግሞ ዓሣው አንሶና በዝቶ «ፒራኛ» ተባለ። በ1979 የጠፈር ጭራቁ ፊልም «ኤሊየን» መጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የርካሽ ፊልሞች ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ኮርማን እሱን አስኮርጆ በጥቂት ገንዘብ «ጋላክሲ ኦፍ ቴረር»ን አሠራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዚያን ፊልም መንኮራኩር ግድግዳ ያስጌጡት የሃምበርገር መያዣ ፎሞች ናቸው፤ ደርድረው ቀቧቸው፣ አለቀ። አንድ ትዕይንት ላይ በተቆረጠ ክንድ ላይ ትል መርመስመስ ነበረበት፤ ትሎቹ ግን አልነቃነቅ አሉ። ሥራውን የያዘው ወጣት የኤሌክትሪክ ገመድ በክንዱ ውስጥ አሳልፎ፣ «ቀረጻ!» ሲባል ማብሪያው ይጫናል፣ ትሉ ይርመሰመሳል። ወጣቱ ጄምስ ካሜሩን ነው፤ ታሪኩን ራሱ ይተርከዋል። በ1986 የ«ኤሊየን»ን ተከታይ ማን ዳይሬክት አደረገው? ይኸው ኮራጁ።

ደግሞስ የተኮረጀው «ኤሊየን» ራሱስ ከማን ወሰደ? ከማርስ በሚመለስ መንኮራኩር ውስጥ ተደብቆ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ የሚጨርስ ጭራቅ በ1958 በርካሽ ፊልም ታይቷል።

እኛ የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ የዋሸራና የዲማ አገር ልጆች፣ ቅኔ «ተዘረፈ» ስንል አዲስ ቅኔ ተቀኘ ማለታችን ነው እንጂ ማንንም ሌባ ማለታችን አይደለም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ነው፤ ልኩ ከጥንት የተሰጠ ነው፤ ተማሪው ይዞት የሚመጣው ምስጢሩን ነው። የሰው ምስጢር ይዞ የመጣ ግን የኔታ ፊት አይቆምም። በፊልምም ይኼን እለያለሁ። በ2007 «ትራንስፎርመርስ» ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው «ትራንስሞርፈርስ» የሚል ፊልም ገበያ ላይ ዋለ። እሱ ያው የቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ሥዕል ነው፤ ዝርዝራችን ውስጥ አልገባም።

ማታ መጀመሪያ ዋናውን፣ ቀጥሎ ኮራጁን እናያለን። ዚፑ ሲመጣ አትሳቁ አልልም፣ እኔም እስቃለሁ። ብቻ ከሣቁ በኋላ «ይህን በስንት ብር ሠሩት? እኛስ በምን እንሠራው ነበር?» ተባባሉ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ የወጣት አባሎቻችንን ሥራ ስለምናይ ይጠቅማችኋል። አንደኛው ጭራቅ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ በመርፌ እንጂ በዚፕ አልተዘጋም፣ ስለዚህ የሚለብሰው ልጅ ውኃ ሳይጠጣ ነው የሚቀረጸው አሉ።

መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ተሞልቶለታል። ጉባኤው ተከፍቷል።