ትነቱ ወለል ላይ ነው፣ ቬንትሌተሩ ጣሪያ ሥር

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ የእንጨት፣ የጫማና የህትመት ባለሙያዎች፤

የተጠራሁት ስለ ኢታይል አሲቴት እንድናገር ነው። በብዙ ቲነርና ማስቲሽ ውስጥ እንደ ፍራፍሬ የሚሸተው እሱ ነው። ከአልኮልና ከአሴቲክ አሲድ ይሠራል፤ የህትመት ቀለም ያቀጥናል፣ ለቆዳ ማጠናቀቂያ ይውላል፣ ከቡና ፍሬ ላይ ካፌይን ለማውጣትም ያገለግላል። ይሄን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ቬንትሌተራችሁ የት ነው ያለው? ጣሪያ ሥር! የዚህ ፈሳሽ ትነት ግን ከአየር 3 እጥፍ ይከብዳል። ወደ ታች ይወርዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ በበር ሥር ይሾልካል። ማዶ ክፍል የቡና ከሰል ተቀጣጥሎ ከሆነ እሳቱ ትነቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ በርሜሉ ዘንድ ይደርሳል። ላይ የተሰቀለው ቬንትሌተር ምን ሊያድን ነው?

«አገሩ ብርድ ነው፣ አይነድም» የሚል አለ። ትነቱ እሳት ሊይዝ የሚችለው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ያውም በባሕር ጠለል። በደሴ ከፍታ ከዚያም ዝቅ ይላል። ውርጭ በጣለበት ሌሊት እንኳ ክፍት ጣሳ ይቀጣጠላል።

አንድ ሊትር ሲተን ወደ 245 ሊትር ትነት ይሆናል። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉን ከያዘ፣ እሳት ወይም ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። እንግዲህ አስሉት፦ ስፋቱ 2 በ2.5፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ክፍል በአንድ ሊትር ብቻ ለፍንዳታ ይበቃል። ወለል ላይ ሲተኛማ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል።

አየር መምጠጫውን ቬንትሌተር አውርዱት! ከወለል ከ30 ሴንቲሜትር አይለፍ። ንጹህ አየር በተቃራኒው ግድግዳ ይግባ። የተራ ቬንትሌተር ሞተር ብልጭታ ስለሚያወጣ ትነቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አይቀመጥ። ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ የሠራተኛ ነፍስ ነው!

ከበርሜል ስትቀዱ ፈሳሹ ሲፈስ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳያወጣ በርሜሉንና የብረት መቀበያውን በመዳብ ሽቦ አያይዙ፣ በርሜሉንም ከመሬት ጋር አገናኙ። የፕላስቲክ ጀሪካን በሽቦ ቢታሰርም ፋይዳ የለውም።

ክረምት ላይ ቫርኒሹ ነጭ እየሆነ ለሚያስቸግራችሁ፦ ቲነሩ ፈጥኖ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘውና የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ይሆናል። ከቲነሩ ከ10 እስከ 20 በመቶውን ቀስ ብሎ በሚተነው በቡታይል አሲቴት ተኩት።

ናይትራይል ጓንት ፈጥኖ ያሳልፈዋል፤ የቡታይል ጎማ ይሻላል። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉበት፤ ፈሳሹ ከውሃ ስለሚቀል ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ዱቄት ማጥፊያ በር አጠገብ ይኑር።

በሃይላንድ ኮዳ ያለ ስም ቀድታችሁ የምትሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተዉ! ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

መምጠጫ ማውረድ የምትፈልጉ የክፍላችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ጽፋችሁ ከስብሰባው በኋላ ኑ፤ አብረን እናሰላዋለን። አመሰግናለሁ።