ጡቡን አንኳኩት

እንደምን ዋላችሁ! የፊኒሺንግ ሥልጠናችሁን ልትጨርሱ ትንሽ ነው የቀራችሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጡብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጡብና አንዲት ትንሽ መዶሻ አስቀምጫለሁ። ቆይተን እንመለስባቸዋለን።

ሰሞኑን ደንበኛ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አንድ ዓይነት ፎቶ ያሳየኛል። ቀይ ጡብ፣ ያልተላገ እንጨት፣ የተንጠለጠለ አምፖል። «ልክ እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። የዚህ ፋሽን አንዱ መነሻ የኒው ዮርኩ ሶሆ ሰፈር ነው። ፋብሪካዎቹ ባዶ ሲቀሩ አርቲስቶች በርካሽ ገቡባቸው። ጡቡ የፋብሪካው ግድግዳ ነበር፤ ለጌጥ የለጠፈው የለም።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። ሐረር ጀጎል ውስጥ «ጌይ ጋር» የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሳሎኑን የሞላው መደብ ነው። መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይናገራል። ወለሉ ቀይ ነው። ቅላቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን ተደርድሯል። እኔ ከፎቶው ይልቅ ይሄን ቤት አይታችሁ ብትነሱ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ጡብ 25 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አስተኝታችሁ ረጅሙ ጎኑ ከፊት እንዲታይ ስትደረድሩት አንድ ካሬ ሜትር 55 ያህል ይወስዳል። ጡቡን የሚያያይዘው ሞርታር ሲጨመር 200 ኪሎ ገደማ ነው። አሥር ካሬ የሳሎን ግድግዳ ሁለት ቶን ሆነ ማለት ነው! ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኪና እንደማቆም ነው። ኢንጂነር ሳታማክሩ እንዳትነኩት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ጡብ ለጥፉ፤ ከፊት ሲታይ ያው ነው።

ከክብደቱ በላይ ግን እኔን ያዋረደኝ ውኃ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳ በጡብ አልብስልኝ አለችኝ። አለበስኩት፤ እንዲያብለጨልጭም ቨርኒሽ ቀባሁት። አቤት ማማሩ! በሁለተኛው ወር ደወለችልኝ። ስደርስ ቨርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት። ጨው ነው። ከኋላ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። ውኃው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ራሱ ይተንና ጨውን ትቶት ይሄዳል። በቨርኒሽ መውጫውን ስዘጋበት ገፍቶ ወጣ። እኔ ደግሞ ባሰብኝና በውኃ አጠብኩት! ጨውን መልሼ ጡቡ ውስጥ አስገባሁት። በደረቅ ብሩሽ ነበር መጥረግ፤ ከዚያም በፊት ቧንቧውን ማስጠገን። ወጪውን ከኪሴ ከፈልኩ።

እንጨትም እንዲሁ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጣሪያ ላይ ከሰቀላችሁ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ደግሞ አራቱንም ግድግዳ ጡብ አታድርጉ፤ ቤቱ ይጨልማል። አንዱን ምረጡና መብራቱን ከላይ ጠጋ አድርጋችሁ ስቀሉ። የጡቡ ሻካራነት የሚታየው በጥላው ነው።

በሉ ወደ ጡቦቻችን። ጡብ ስትገዙ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። በደንብ የበሰለው ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ያልበሰለው ድምፁ ድፍን ነው፣ በምስማርም ይፋቃል። ከሁለቱ አንዱን ሻጩ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። መዶሻዋ ይቻት፤ ማን ይጀምር?