ቡቺ ዞር ብሎ ሲያይ

እሺ... ቀዩ መብራት በርቷል፣ እየቀዳ ነው። እንደምን ከረማችሁ። ቲክቶክንና ፌስቡክን ከስልኬ ካጠፋሁ ወዲህ «ተመለስክ ወይ» ለምትሉኝ፣ አይ፣ አሁንም የሉም። ለውሻዬ ለቡቺ በምይዘው ጉበት የምትቀልዱም ቀጥሉ፣ ዛሬም ጉበት አለ።

የማወራው ሁለት ሰከንድ ስለምትፈጅ ነገር ነው። እንጦጦ ዳገቱ ላይ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ገመዱ ላላ ሲል ቡቺ ቀደም ይላል። ያሸታል። ይቆማል። ከዚያ አንገቱን መልሶ ያያል። በቃ ይቺው ናት። «አለህ?» ነው የሚለው። ያን ጊዜ ዓይናችሁ ስልክ ላይ ከሆነ አይጮህም፣ አያኮርፍም፤ ፊቱን መልሶ መንገዱን ይቀጥላል። ቀጣዩ መዞር ይዘገያል። ከዚያ ጭራሽ ይቀራል። የቀረ ዕለት በግ አይቶ ሲሮጥ ስሙን መቶ ጊዜ ብትጠሩት አይሰማም። ሰው ግን «ውሻዬ አመለኛ ሆነ» ይላል።

መዞሩ ግን ይመለሳል፣ ይመለሳል። አምስት ሜትር ገመድ ያዙ፤ አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚያቅፈው ማሰሪያ ላይ እሰሩት፤ ሮጦ ገመዱ ሲያልቅ ጉሮሮው እንዳይጎዳ። ጉበቱን ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅሉት። ሽንኩርት የውሻ ደም ይጎዳል፣ በቀልድ አትውሰዱት። ምጣድ ላይ አድርቁትና በሽምብራ ፍሬ ልክ ክተፉት፤ ሠላሳ ፍሬ ይበቃል። በጾም የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል፤ ውሻው አይጾምም፣ ሥጋ ቤቱ ግን ይጾማል።

ከዚያ አትጥሩት። ዝም ብላችሁ ሂዱ። ራሱ ዞሮ ባያችሁ ቅጽበት «ጎሽ!» በሉና ስጡት። አንድ ሰከንድ ውስጥ። ሦስት ሰከንድ ከቆያችሁ ዋጋ የከፈላችሁት ለመዞሩ ሳይሆን ቀጥሎ ላሸተተው ቆሻሻ ነው። «ቡቺ ቡቺ ቡቺ» ማለት ደግሞ ስሙን እንደ ታክሲ ረዳት ጩኸት ያደርገዋል፤ ይለምደውና አይሰማውም። ሌላው ጥፋት ወደ ቤት ለመመለስ ብቻ መጥራት ነው። ስሙ የጨዋታ ማብቂያ ይሆንበታል። በመሃል አምስት ስድስት ጊዜ ጠርታችሁ፣ ሰጥታችሁ ልቀቁት።

ከመንገድ ላይ አንሥታችሁ ያሳደጋችሁት ውሻ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጫማ ክር ለማሰር ጎንበስ ስትሉ ይሸሻል። ለምን? እዚህ አገር ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሣ ነዋ! ሁሉም ውሻ ያውቃታል። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ እጃችሁን ከፍታችሁ። ቀስ ብሎ ይመጣል... ይሄን ሳስብ ደስ አይለኝም። ይለፍ።

ውሃ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ለሁለት ሰዓት መንገድ ግማሽ ሊትር ያዙ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ እሱም እንደናንተ ያለከልካል። ስትመለሱ በጣቶቹ መሃልና ጆሮው ውስጥ መዥገር ፈልጉ፤ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ክብሪትና ጋዝ ይቅር።

«ወደ ባሌ ልውሰደው?» ያላችሁኝ፣ አይሆንም። የባሌ ተራራ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ውስጥ ብዙዎቹን ጨረሰ። ለውሻችሁ የዚህ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ከምን ተነሥቼ እዚህ ደረስኩ?

ስልኩ። ቤት አትተዉት፣ እግር ወለም ቢል ያስፈልጋል። ድምፁን አጥፍታችሁ ከቦርሳው ታች፣ ከውሃው ሥር አድርጉት። ጉበቱ ያለበት ኪስ ውስጥ ግን በፍጹም፤ እጅ ጉበት ሊያነሣ ገብቶ ስልክ ይዞ ይወጣል። «ሰዓት ልይ ብቻ» ትላላችሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አይደል? በነገራችን ላይ ጎህ ሳይቀድ አትውጡ፤ እውነተኛው ጅብም ገና አልገባም።

የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። ቡቺ መዞሩን ከለመደ በኋላ በዞረ ቁጥር ጉበት አይሰጠውም። አንዴ በሁለተኛው፣ አንዴ በአምስተኛው፣ አንዴ በተከታታይ። መቼ እንደሚያገኝ ካላወቀ ይበልጥ ይዞራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በርግቦች ያሳየው ይሄንኑ ነው፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ያላወቀች ርግብ መንቆሯን አታቆምም። ያኔ ፌስቡክ ላይ ሳለሁ ስልኩን ወደ ታች ስስብ፣ አንዴ ምንም፣ አንዴ አንድ ላይክ፣ አንዴ ሠላሳ... እኔ ቡቺን የማለማምድበት ዘዴ እኮ ነው። ቁርጥ እሱን።

ጉበቱ እውነተኛ ጉበት ነው፣ ይሄ ልዩነት ነው። መሰለኝ። ወይም እኔ እዚያው ቆሜ ስለማየው... አይ፣ እሱም አይደለም። ቅድም በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ እኔን ይሁን ኪሴን እንጃ...

ቆይ፣ እየቧጨረ ነው። መጣሁ።