ቀለሙን ተዉትና አፉን እዩ

ውድ የዳይቪንግ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከውኃ ወጥተን መነጽራችንን እንኳ ሳናወልቅ የምንጀምረው ክርክር አለ። «ያቺ ሰማያዊ መስመር ያላት ትንሽ ዓሣ ምን ነበረች?» አንዱ ይህ ነው ይላል፣ ሌላው ያኛው። ሁሉም ግን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ቀለሟን ነው። ዛሬ የምለምናችሁ ቀለሙን ለጊዜው እንድትተዉት ነው።

ውኃ ቀለም ይበላል። ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው። 10 ሜትር ገደማ ስትወርዱ፣ ባትሪ ካላበራችሁበት በቀር፣ ቀዩ ዓሣ ደብዝዞ ቡናማ ወይም ግራጫ መስሎ ይታያችኋል። ዓሣው ራሱም አንድ ቀለም ይዞ አይኖርም። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ኮራል ላይ የሚርመሰመሰውን አንቲያስ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ብርቱካናማ ናቸው፣ ወንዶቹ ወደ ሐምራዊ ያደላሉ። አዲስ ጠላቂ ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ይምላል። ይባስ ብሎ ወንዱ ከመንጋው ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ጾታዋን ቀይራ ቦታውን ትይዛለች።

ቀለምን ለማታለያ የሚጠቀሙም አሉ። የእኔ ተወዳጅ ሌባ እዚህ ጋ ይመጣል። አጽጂውን ዓሣ፣ ላብሮይደስ ዲሚዲያተስን፣ ሳታዩት አልቀራችሁም። ከአፉ እስከ ጭራው ጥቁር መስመር አለው፣ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ ነው። ትልልቅ ዓሦች ተራ ጠብቀው ጥገኛ ተባይ ያስለቅማሉ። ከብሌኒ ዓሦች ወገን የሆነው አስፒዶንተስ ቴኒያተስ ደግሞ ያንኑ መስመር ይዞ፣ እንደ አጽጂው እየጨፈረ ይጠጋል። ደንበኛው ሊጸዳ ሲዘጋጅ ከክንፉ ቦጭቆለት ይሄዳል! ሁልጊዜ በዚህ ብቻ አይኖርም፣ የዓሣ እንቁላልና የባሕር ትልም ይበላል።

እንዴት እንለያቸው? አፋቸውን እዩ። የአጽጂው አፍ ፊቱ ጫፍ ላይ ነው። የአስመሳዩ ከአፍንጫው በታች ነው፣ እንደ ሻርክ። አፉ ካልታያችሁ ሲዋኝ ተመልከቱት። አጽጂው በጎን ክንፎቹ እየቀዘፈ ከፍ ዝቅ ይላል። አስመሳዩ ሲፈጥን መላ ሰውነቱን ያጥፋል። ልብሱን ኮርጇል፣ አካሄዱን ግን አልቻለበትም።

ጥቁር ኮርቻ የጣለችው ትንሿ ፓፈር፣ ስትፈራ የምትነፋው ዓሣም፣ አስመሳይ አላት። ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ ስላላት አዳኞች ይሸሿታል። ፓራሉቴረስ የሚባል፣ ከፋይልፊሽ ዓሦች ወገን የሆነ፣ መርዝ ሳይኖረው የእሷን መልክ ይዞ በሰላም ይኖራል። የጀርባ ክንፏን እዩ። የፓፈሯ ትንሽና ክብ ሆኖ ወደ ጭራዋ ቀርቧል። የፋይልፊሹ በጀርባው ላይ ረዘም ብሎ ተዘርግቷል።

ጎቢና ብሌኒ የሚባሉትን ትንንሽ የወለል ዓሦች በአጭሩ ልለፋቸው። ጎቢ ሁለት የጀርባ ክንፍ አለው፣ ብሌኒ አንድ ረጅም። ሦስት ከቆጠራችሁ ትሪፕልፊን የሚባል ሌላ ዓሣ ነው። ጎቢ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ብሌኒ ግን ብዙ ጊዜ ጠመም ይላል።

ክላውንፊሽ የሚባለው ባለ ነጭ ቀበቶ ዓሣ ላይ ስንደርስ መጻሕፍት የጀርባ እሾህ ቁጠሩ ይሉናል። ኦሴላሪስ የሚባለው ዝርያ አብዛኛውን ጊዜ 11፣ እሱን የሚመስለው ፐርኩላ 10። ውኃ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚቆጥር ካለ እጁን ያውጣ! ይልቅስ የት እንደሆናችሁ አስቡ። ቀይ ባሕር ውስጥ ከሆናችሁ ሁለቱም እዚያ የሉም፣ ያያችሁት ባለ ሁለት ቀበቶው ቢሲንክተስ ነው። ጠቅላላው ክርክር ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው።

ፎቶ ስታነሱ አታሳድዱ። ረጋ ብላችሁ ጠብቁ፣ ኮራሉን በእግራችሁ እንዳትመቱ ተጠንቀቁ፣ ከዚያ ክንፉን ሲዘረጋ ከጎን አንሱት። ከላይ የተነሳ ፎቶ ለስም ፍለጋ ብዙም አይረዳም።

አንዳንዱ ደግሞ በፎቶም አይለይም። ኤቪዮታ የሚባሉት ድንክ ጎቢዎች ብዙዎቹ 3 ሴንቲሜትር አይሞሉም። ኤቪዮታ ሲጊላታ ዕድሜው ቢበዛ 59 ቀን ነው። የእነሱን ዝርያ ለመለየት ላቦራቶሪ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ኤቪዮታ» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ስሙን በግምት ከሚጨርስ ሰው ይልቅ እዚያ ላይ የሚያቆመውን አምናለሁ።

አሁን ፎቶዎቻችሁን አውጡና አብረን እንያቸው። አመሰግናለሁ።